በሰው ስም የተነፋው ፍሉግል

አቶ ኦስዋልድ ሄስሎፕ ከአባታቸው ከአቶ ጆሴፍ ሄስሎፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤታ ፕራውድ፣ በደርሃም አውራጃ ዊተን ሎው በምትባለው የከሰል ማዕድን መንደር ኖቬምበር 14 ቀን 1931 ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬ የለም። ማዕድኑም የለም። መንደሯ ራሷ ከቤተ ጸሎቱና ከሁለት ረድፍ ቤቶች በቀር ለመኖሯ ምስክር የላትም። ዛሬ በሽኝታቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ታሪክ የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ጁዲት ጋርባት ነኝ። ያስጻፉኝ ደግሞ እናቴ ወይዘሮ ዶሪን ናቸው። ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ አንባቢው ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ አደራ ብለዋል።

አባታቸው አቶ ጆሴፍ ቀን ከሰል ይቆፍሩ ነበር፤ ማታ ማታ በመንደሩ የናስ ባንድ ውስጥ ትልቁን ባስ ይነፋሉ፣ የባንዱም ጸሐፊ ነበሩ። ያኔ የዊተን ሎው ልጅ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ወደ ማዕድኑ ነው፤ ሁለተኛው በባንዱ ክፍል አድርጎ ወደ ማዕድኑ ነው። አጎቴ በዘጠኝ ዓመታቸው ኮርኔት የሚባለው ትንሽ ጥሩምባ ተሰጣቸው፣ በዐሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ድንጋይ ከከሰል ከሚለዩት ሠራተኞች ጋር ተቀጠሩ። ውሎ አድሮ ወደ ፍሉግል ተዛወሩ፤ ፍሉግል ከኮርኔት ሰፋ የሚል፣ ድምፁም የለዘበ ጥሩምባ ነው። ኃይል ያለው ሰው ኮርኔቱን ይመርጣል፣ ፍሉግሉ ግን ለትዕግሥተኛ ሰው ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ትዕግሥተኛ ነበሩ፤ አንዳንዴ የሚያናድድ ትዕግሥት።

ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ የሚነሣው በ1951 ከሆነው ነገር ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። በናስ ባንድ ውድድር ላይ ዳኛው በድንኳን ይሸፈናል። ማን እንደሚነፋ አያይም፤ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። ነገር ግን ከድንኳኑ ውጭ ሌላ ሕግ አለ፤ በባንዱ ያልተመዘገበ አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ ባንዱ በሙሉ ይሰረዛል። በዚያ ዓመት አንደኛው ኮርኔት ነፊ ታመመና አቶ ጆሴፍ ከጎረቤት መንደር ሰው ተዋሱ። ዊተን ሎው አንደኛ ወጣች፤ ሰዉ ዋንጫውን አቅፎ እየዘፈነ በአውቶቡስ ገባ። የተዋሱት ሰው ግን መውጫው በር ላይ ስሙን ሲጠየቅ የዋህ ሆኖ የራሱን ስም ተናግሮ ነበርና በሳምንቱ ዋንጫው ተወሰደ፣ ባንዱም ለአንድ ዓመት ታገደ። አቶ ጆሴፍ ከዚያ በኋላ ባስ አልነኩም። መንደሩ በሙሉ ለዓመታት አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር፤ "ምን ነበረበት የታመመውን ሰው ስም ቢጠራ!" አጎቴ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ይህን ትምህርት ከአእምሯቸው ያወጣው ነገር አልነበረም።

አቶ ኦስዋልድ በ1956 ወይዘሮ ኤኒድ ቲዝዴልን በዚሁ መንደር ቤተ ጸሎት አገቡ። ወይዘሮ ኤኒድ በኅብረት ሱቁ የሥጋ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ቢላ አያያዛቸውን ያየ ሰው ዱቤ ለመጠየቅ አይደፍርም። በ1958 አለን የሚባል ልጅ ወለዱ። አጎቴ ከፈረቃ ሲመለሱ ልጁን ከጓሮው መንገድ ለእራት የሚጠሩት በፉጨት ነበር፤ ሁለቱ ዝቅ ያሉ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ ሦስት ድምፅ። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ ፉጨቱ ሲሰማ "አለን፣ ድንችህ ቀዘቀዘ" እያሉ ያሾፉበት ነበር። አለን በ1962፣ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ በማጅራት ገትር በሽታ ሞተ። ከታመመ በኋላ የቆየው ሁለት ቀን ነው። አጎቴ ለአንድ ዓመት ያህል ፍሉግሉን ከሳጥኑ አላወጡም፤ ፉጨቱን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልደገሙም። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

የአጎቴ ታናሽ እህት፣ እናቴ፣ በ1957 አባቴን አቶ ራልፍ ጋርባትን አግብተው ነበር። አባቴ የኒውካስል ሰው፣ ትራምፔትና ፍሉግል ነፊ፣ የዜማ ደራሲም ነበሩ፤ ሰባት ሰዎች ያሉት የጃዝ ቡድን ይመሩ ነበር። ቡድኑ ሁለት ሸክላ አስቀርጾ ነበር፤ ሁለቱንም የገዛው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይገባል፣ ወንበርም ይተርፈዋል። አጎቴ ጃዝ ብዙም አይገባቸውም ነበር። አንድ ጊዜ ሊያዩ ሄደው ሲመለሱ እናቴ "እንዴት ነበር?" ቢሏቸው፣ "ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ አልቆ እነሱ ግን አልጨረሱም" አሉ። አባቴ ይህን ለሰው ሁሉ እየነገሩ ይስቁ ነበር። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ለሚመጣው ነው።

በጃንዋሪ 1969 ቡድኑ ከሌስተር ሲመለስ ቫኗ በረዶ ላይ ተንሸራታ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨች። ፒያኖ ተጫዋቹ ቪክ ሎማክስ እዚያው ሞቱ። አባቴ የፊት ጥርሶቻቸው ረገፉ፣ መንጋጋቸው ተሰበረና ሐኪሞች አፋቸውን በሽቦ አሰሩት። ጥሩምባ ነፊ ያለ ፊት ጥርስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሦስተኛውን ሸክላ የሚቀርጸው የለንደን ኩባንያ ግን ስቱዲዮውን የያዘው በፌብሩዋሪ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን እንደማይሰጥ ተናግሯል። ለፒያኖው ሰው ተገኘ። ለፍሉግሉ እናቴ ተነሥተው ወንድማቸው ቤት ሄዱ። "ራልፍ የጻፈውን የሚያነብ፣ ድምፁም የሱን የሚመስል አንተ ብቻ ነህ" አሏቸው። አጎቴም "ለአንድ ቀን ተተኪ መሆን እችላለሁ" ብለው ፈረቃቸውን ለሰው አዞሩ።

የቤተ ጸሎት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ወይዘሮ ኤኒድ የጠቀለሉላቸውን የእንቁላልና የቲማቲም ሳንድዊች ይዘው በባቡር ለንደን ወረዱ። ስቱዲዮው አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከኩባንያው የመጣች ወጣት ሴት በየተራ እየዞረች ሰዎቹን ስማቸውን ጠየቀች፤ ለሽፋኑ ነው። እሳቸው ዘንድ ስትደርስ አጎቴ ድንኳኑንና የተወሰደውን ዋንጫ አሰቡ፤ የራሳቸውን ስም ቢናገሩ ሥራው በሙሉ የሚሰረዝ መሰላቸው። ያለ ምንም ማመንታት "ራልፍ ጋርባት" አሉ። ለንደን ውስጥ ይህ ግድ የሚለው አንድም ሰው አልነበረም፤ በሽፋኑ ላይ የነፊውን ስም መለወጥ የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ሥራውን ለመስማት መጥተው ከቀራጩ ክፍል መስታወት ወዲያ የተቀመጡት እውነተኛው ራልፍ ጋርባት ሰምተዋል። አፋቸው ግን በሽቦ ታስሯል። ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ከበሮ መቺው ለእናቴ ነግረዋቸዋል።

ሸክላው "የኋላ ፈረቃ" ይባላል። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ዝግ ያለ ዜማ አለ፤ አባቴ መሃል ላይ ለፍሉግሉ ባዶ ቦታ ትተው ነበር፣ ነፊው ከልቡ እንዲያወጣበት። አጎቴ ወረቀቱ ሲያልቅ አላቆሙም። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀረጸ፤ ቀራጩም ድገሙት አላለም። አጎቴ ግን የመመለሻው ባቡር እንዳያመልጣቸው ሳጥናቸውን ቆልፈው ወጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ማዕድኑ ውስጥ ነበሩ።

ሽቦው በማርች ተፈታ። አባቴ ግን አልተናገሩም።

አባቴን እወዳቸው ነበር፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ የሚባልላቸውንም ልበል። ጥርስ የላቸውም፣ ሚስትና ልጅ አላቸው፣ ሌላ ሙያ አያውቁም። ሸክላው በ1970 ሲወጣ ብዙ ሰው አልሰማውም፤ የሰሙት ጥቂቶች ግን ለመጻፍ የቸኮሉ ሆኑ። አንድ ጋዜጣ "ጋርባት ለሟች ጓደኛው ለሎማክስ ያለቀሰው ለቅሶ በዚህ አገር ከተቀረጹት ሁሉ ጥልቁ ነው" ብሎ ጻፈ። በዚያው ጽሑፍ የተነሣ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አባቴን አስተማሪ አድርጎ ቀጠራቸው፤ በዚያ እንጀራ አደግኩ። ጋዜጣው የመጣ ዕለት አጎቴና ወይዘሮ ኤኒድ እኛ ቤት ምሳ ተጋብዘው ነበር። እናቴ ጮክ ብለው አነበቡት። አባቴ ሳህናቸውን ያያሉ። አጎቴ "ደህና ተጽፏል። ጁዲት፣ እስቲ ድንቹን አቀብዪኝ" አሉ። ወይዘሮ ኤኒድ ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡና ምሳው እስኪያልቅ አልተመለሱም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ወይዘሮ ኤኒድ ሲነግሩኝ ነው። ያ ጽሑፍ የተጻፈለት ቦታ የሚጀምረው በሦስት ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ዝቅ ያሉ፣ አንዱ ከፍ ያለ።

እንግዲህ የተወሰደው ስም ብቻ አልነበረም። ለቅሶውም ለሌላ ሟች ተሰጠ።

በቤታችን ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያነሣውም አልነበረም። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ፣ በ1978 ገና ላይ፣ አባቴ ትንሽ ጠጥተው አጎቴን በቁልምጫ ስማቸው "ኦዚ፣ ልንገራቸው?" አሏቸው።

"ምኑን?"

"ታውቀዋለህ ምኑን።"

"እኔ ተተኪ ነበርኩ፣ ራልፍ። ተተኪ የሚነፋው በወንበሩ ባለቤት ስም ነው። ደግሞ ዝም አይነቅዝም፤ ይልቅ ያን ዶሮ ሳትጨርሰው አሳልፈው።" ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ አልቆ ቀና ሲሉ አባቴ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

አቶ ኦስዋልድ በ1984ቱ የሥራ ማቆም አድማ ዓመቱን ሙሉ ከጓዶቻቸው ጋር ቆሙ፣ አንድ ቀንም ወደ ሥራ አልገቡም። በ1986 ማዕድኑ ተዘጋ፤ የባንዱ ክፍል ተሸጦ የምንጣፍ መጋዘን ሆነ። ሐኪም ያኔ ሳንባቸውን በራጅ አይቶ አቧራው ምን ያህል እንደገባ ነገራቸው። "ከሰሉን ሁሉ አወጣን ስንል የተወሰነውን ይዤው ወጥቻለሁ ማለት ነው" አሉ። ወይዘሮ ኤኒድ በ1991 በካንሰር አረፉ። በሕይወት ሳሉ ያ ሸክላ ቤታቸው ውስጥ እንዲከፈት አንድም ቀን አልፈቀዱም።

አባቴ በ1998 ሞቱ። ጋዜጦቹ ከሕይወታቸው ሁሉ መርጠው ያነሡት ያንኑ ለቅሶ ነበር። በቀብራቸው ላይ አጎቴ ባላቸው ትንፋሽ አንድ መዝሙር ነፉ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የነፉትም ያን ዕለት ነው። ሲያበቁ ከለንደን የመጡ አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ ወደ እሳቸው ቀርበው፣ "ይገርማል፤ ራልፍን በዚያ ሸክላ ላይ የሰማሁ መሰለኝ" አሏቸው። አጎቴ "ከሱ ተምሬው ይሆናል" አሉ። አጠገባቸው ነበርኩ። የዚያን ዕለት ሁለቱንም ተቀየምኳቸው፤ የሞተውንም፣ ያልሞተውንም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የማን ስም የማን መቃብር ላይ እንደሚውል ግን ተረቱ አልነገረንም።

ባለፈው ዓመት ሮሪ ፔንኬት የሚባል፣ በሼፊልድ ከተማ የሸክላ ሱቅ ያለው ሰው ደወለልኝ። ሰሚ ያጡ የእንግሊዝ የጃዝ ቡድኖችን ሸክላዎች እየፈለገ እንደገና የሚያሳትም ቅን ሰው ነው። "የኋላ ፈረቃ" ከሁሉ እንደሚበልጥበት፣ ሊያሳትመው እንደሆነ፣ ለሽፋኑ የአባቴን ፎቶግራፍ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ፎቶግራፉን ሳልሰጠው አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ ከኦክስጅኑ ማሽን ርቀው ከወንበራቸው እስከ መስኮቱ እንኳ መራመድ አይችሉም ነበር።

"አጎቴ ኦዚ፣ አሁን ካልተነገረ መቼም አይነገርም" አልኳቸው።

"ዶሪን እያለች አይሆንም። የባሏ ስም ነው። ላንቺም የአባትሽ።"

"የእርስዎስ?"

"ዳኛው ድንኳን ውስጥ ነው፣ ጁዲት። ስም ምን ይሠራለታል?"

ተቆጥቼ ወጣሁና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ በማግስቱ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በሰባ ከምናምን ዓመታቸው፣ በሁለት አውቶቡስ ወንድማቸው ቤት ሄዱ፤ እኔ ተከትዬ ደረስኩ። "ኦዚ፣ ስለ እኔ ብለህ ከሆነ ዝም ያልከው፣ እኔ ደክሞኛል" አሏቸው። "ጥርስ ለሌለው ባል ስል ልጅህን ቀማሁህ። እነግራቸዋለሁ።" አጎቴ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ትንፋሽ ማጠራቀም ነበረባቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "አሁን አይሆንም፤ ስሞት። ዛሬ ብትነግሪያቸው መጥተው እስቲ ንፋልን ይሉኛል። በየትኛው ሳንባ?" እናቴ እጃቸውን ያዙ። ስለ አለን ያን ጊዜ የተነጋገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

አቶ ኦስዋልድ ሄስሎፕ ለረጅም ዓመታት ሲያሠቃያቸው በኖረው የሳንባ በሽታ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2013 ጠዋት፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ። እናቴ ቀባሪዎቹ እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቁም፤ ስልኩን አንሥተው ሼፊልድ ደወሉና "በዚያ ሸክላ ላይ የሚነፋው ባሌ አይደለም፤ ወንድሜ ነው፤ አሁን ነው የሞተው" አሉት። ሮሪ ፔንኬት አለቀሰ። ሽፋኖቹ ግን ታትመው፣ ሸክላዎቹም ገብተውባቸው፣ ሱቁ ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ የአባቴ ስም እንደገና በትልቁ። በሚቀጥለው ኅትመት እንደሚያርመው ቃል ገባ። እንዲህ ያለ ሸክላ የሚቀጥል ኅትመት እንደሌለው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። እናቴ ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞረው፣ "የቀብሩ ፕሮግራም ገና አልታተመም አይደል?" አሉ።

አልታተመም ነበር። አሁን ታትሟል፤ በእጃችሁ ይዛችሁታል። ሸክላው ያላችሁ ሰዎች ይህን ወረቀት ሽፋኑ ውስጥ አስቀምጡት።

አቶ ኦስዋልድ እህታቸውን ወይዘሮ ዶሪን ጋርባትን፣ እኔን የእህታቸውን ልጅ፣ ከባንዱ የተረፉትን አሮጌ ነፊዎችና እንደ አባት የሚያዩአቸውን የዊተን ሎው ጎረቤቶች ትተው ሄደዋል። የምድር ሆድ አቧራ የነሣቸውን ትንፋሽ፣ ትንፋሽን ለሰው እፍ ያለው አምላክ መልሶ ይስጣቸው፤ ከወይዘሮ ኤኒድና ከአለን ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጣቸው።

አሁን በአስከሬኑ ሳጥን ፊት ያለው መጋረጃ ሲዘጋ ያ ዝግ ያለ ዜማ ይከፈታል። ዛሬ ከመጋረጃው ውስጥ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ከውጭ ሆነን የምንሰማው እኛ ነን። ፍሉግሉ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች አድምጡ። በዚያ ጓሮ ያደጋችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የሚነፉት ኦስዋልድ ሄስሎፕ ናቸው፤ ልጃቸውን ለእራት እየጠሩ ነው።